ከዋሻው አፍ ሳይሆን ከፋብሪካው በር ጀምሩ፦ ስለ ድንጋይ ከሰል ማዕድን የደጅ ሥራ ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ማኅበራችን አምባሰል ውስጥ ካለ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ከሰል በዋሻ ለማውጣት እየተዘጋጀ ነው። በቀን 100 ቶን ገደማ እናስባለን። ገዢዎቻችን ኮምቦልቻ ያሉ ቦይለር የሚያነዱ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚገዛ ሰውም አናግሮናል። በዋሻው አፍ ያለው ሜዳ ጠባብ ነው፣ ከታቹ ጅረት አለ። አንድ ነጋዴ ያገለገለ፣ ቀበቶው 800 ሚሊሜትር የሚሰፋ ኮንቬየር (የቀበቶ ማጓጓዣ) ከነመፍጫው ሊሸጥልን ይፈልጋል። ደጁ ላይ ምን፣ የት ይተከል? የከሰል ማጠቢያስ ያስፈልገናል ወይ? ገንዘባችን ውስን ስለሆነ በምን እንጀምር?»

ሰላም ለማኅበራችሁ። የጠየቃችሁት ሁሉ፣ ኮንቬየሩም መፍጫውም ማጠቢያውም፣ ከዋሻው አፍ ወደ ውጭ እየታየ የተጠየቀ ነው። እኔ የምመክራችሁ የተገላቢጦሹን ነው። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው በር ላይ ቁሙና ገልባጩ ጭነቱን ሲያራግፍ ገዢው ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁ። ከዚያ በሐረጎ ዳገት ሽቅብ፣ በደሴ አልፋችሁ፣ በሐይቅ መንገድ እስከ ዋሻችሁ ድረስ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ በየደረጃው ምን መኖር እንዳለበት ጻፉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ልትገዙት ካሰባችሁት ግማሹ ይወድቃል። ያላሰባችኋቸው ሁለት ሦስት ነገሮች ደግሞ የግድ ሆነው ይመጣሉ።

ሁለቱ ገዢዎቻችሁ የሚፈልጉት ከሰል አንድ ዓይነት አይደለም። የፋብሪካ ቦይለር፣ በተለይ ከሰሉ በሚንቀሳቀስ የብረት ፍርግርግ ላይ ተነጥፎ የሚነድበት ዓይነት፣ ጓሉን ይወዳል። እንደ ቦይለሩ ስሪት ቢለያይም ከ6 እስከ 30 ሚሊሜትር ያለው መጠን የተለመደ ነው። ከዚያ የደቀቀው ወይ በፍርግርጉ ቀዳዳ ወርዶ ከአመዱ ጋር ይጣላል፣ ወይ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይበናል። ከዚያ የተለቀው ደግሞ ላዩ አመድ ሆኖ ውስጡ ጥቁር እንደሆነ ይወጣል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ግን ከሰሉን ወደ እቶን ከመንፋቱ በፊት ራሱ እንደ ዱቄት ይፈጨዋል፤ ስለዚህ ድቃቂ ብትወስዱለት ብዙም አይከፋም። እሱ የሚቆጣው አመዱና እርጥበቱ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ሲሆንበት ነው። አመዱ ከክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው፣ ከእቶኑ ከሚወጣው ጓል) ጋር ስለሚዋሃድ የጥሬ ዕቃ ቅይጡን ያዛባበታል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የመጀመሪያ ማሽናችሁ ወንፊት ነው። ከወንፊቱ በላይ የቀረው ወደ ቦይለር፣ የወረደው ወደ ሲሚንቶ ይሄዳል። ሁሉንም ከሰል በመፍጫ ካሳለፋችሁት ግን በተሻለ ዋጋ የሚሸጠውን ጓል በገዛ ገንዘባችሁ ወደ ርካሹ ድቃቂ ትቀይሩታላችሁ። በጣም የተለቁትን ጓሎች በወንፊቱ ላይ በመዶሻ የሚሰብሩ ሁለት ሰዎች በ100 ቶን መጠን በቂ ናቸው። ስለዚህ ነጋዴው «ከነመፍጫው» ሲላችሁ በመፍጫው ምክንያት ዋጋ አትጨምሩለት።

ገልባጩን እንቁጠር። የተሰባበረ ከሰል አንድ ሜትር ኩብ ከ0.8 እስከ 0.9 ቶን ይመዝናል። ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ እስከ አፉ ቢሞላ 13 ወይም 14 ቶን ነው። ከሰል እንደ ጠጠር ከባድ ስላልሆነ መኪናው ክብደቱ ሳይደርስ በይዘት ይሞላል። ሾፌሮች የጎን ሳንቃ ጨምረን እናስረዝም ሲሉ የምትሰሙት ለዚህ ነው። የሐረጎን ቁልቁለትና የፍሬናቸውን ሁኔታ አይታችሁ ወስኑ እንጂ ዝም ብላችሁ አትፍቀዱ። 100 ቶን ማለት በቀን ሰባት ወይም ስምንት ገልባጭ ነው። (ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የታቀደው የባቡር መስመር ኮምቦልቻን ይነካል፤ በሰባት ገልባጭ ግን ባቡር አይጠራም፣ ከሒሳባችሁ አውጡት።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰባቱ ገልባጮች ተመጥነው በየሁለት ሰዓቱ አይመጡም። ማለዳ አራቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፣ ከሰዓት አንድም አይታይ ይሆናል፤ የነዳጅ ሰልፍ አለ፣ በዓል አለ፣ ዝናብ መንገድ ይዘጋል። ዋሻውም እንዲሁ ነው። አንዱ ፈረቃ 70 ቶን አውጥቶ ቀጣዩ ጣሪያ ሲደግፍ ውሎ 20 ቶን ብቻ ሊያወጣ ይችላል። የደጁ ሥራ በሙሉ የቆመው እነዚህን ሁለት ወጣ ገባዎች ለማስታረቅ ነው። ጎተራ ለገበሬ የሚያደርገውን ቋትና ክምር ለእናንተ ያደርጋሉ። ቋት ከሌላችሁ ገልባጩ ሲዘገይ ዋሻው ይቆማል፣ ዋሻው ሲቆም ደግሞ ገልባጩ ተገትሮ የቀን ሒሳብ ይቆጥርባችኋል። ብዙ ትናንሽ ማዕድኖች ቁፋሮውን አሳምረው ደጁ ላይ የሚያንቁት ቋቱን እንደ ቅንጦት ስለሚያዩት ነው።

መጠኑስ? ለእናንተ ሁለት ደረጃ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው ከወንፊቱ ሥር የሚቆሙ ሁለት የብረት ቋቶች፣ አንዱ ለጓል አንዱ ለድቃቂ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ገልባጭ የሚሞሉ፣ ማለትም 40 ቶን ገደማ የሚይዙ። ሁለተኛው ለክረምት የሚሆን መሬት ላይ የተዘረጋ ክምር። ቋቶቹ ገልባጩ ሥራቸው ገብቶ እንዲሞላ ከፍ ብለው ይቆሙ። መዝጊያው ሲከፈት መኪናው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል፤ በአካፋ ቢሆን ግን ሰባት መኪና መጫን ቀኑን ሙሉ ይበላል። ተዳፋት ላይ መሆናችሁ እዚህ ላይ ሀብት ነው። ከሰሉን ከዋሻው የሚያወጣው ፉርጎ ከላይኛው መደብ ይገለብጣል፣ ወንፊቱ መካከል ላይ ይሆናል፣ ቋቱ ከሥር፣ መኪናው ታች። ስበት ነጻ ጉልበት ስለሆነ ሞተር የሚያስፈልገው ወንፊቱን ለማንቀጥቀጥ ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን ስበት ከሰሉንም ይሰብራል። ከሦስት ሜትር ከፍታ ብረት ላይ የወደቀ ጓል እንደነበረ አይቆይም፤ ወጣቱ (መሬት ውስጥ ገና በደንብ ያልበሰለው) የሀገራችን ከሰል ደግሞ አየር ላይ ሲደርቅ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፉርጎ እስከ መኪና ድረስ ከሰሉ ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ቁጠሩና እያንዳንዱን ውድቀት አሳጥሩ። ቋቱን ባዶ አድርጋችሁ ከላይ ከመልቀቅ ሁልጊዜ ሲሶውን ሞልቶ ማቆየት ይሻላል፤ ከሰል ከሰል ላይ ሲወድቅ ያነሰ ይሰበራል። እንዲህ ያለችው ነገር ገንዘብ አትጠይቅም፣ የምትጠይቀው የፈረቃ አለቃውን ትኩረት ብቻ ነው።

ስለ ቋቱ ቅርጽ ደግሞ ብየዳ ቤቱን አትመኑት። የውጫሌም ሆነ የጭልጋ፣ የያዩም ሆነ የደልቢ ሞዬ ከሰል በእሳተ ገሞራ ዐለት ንብርብሮች መካከል የተኛ ሲሆን በንጣፎቹ መሀል ሸክላ አፈር ይገባል። እርጥብ ሸክላ ከድቃቂ ከሰል ጋር ሲገናኝ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የቋቱ ታችኛ ክፍል ከአግድም ቢያንስ 60 ዲግሪ ዘንበል ይበል፤ ሁለት ግድግዳዎች የሚገናኙበት ጥግ ከግድግዳዎቹ የበለጠ ተኝቶ ስለሚገኝ ልኩ ከጥጉ ይወሰድ። አፉም ሰፊ ይሁን። ጠባብ አፍ ያለው ቋት ውስጥ ከሰሉ እንደ ቅስት ተያይዞ ይቆምና ከታች መፍሰስ ያቆማል። ያኔ አንድ ጎበዝ ልጅ ዘንግ ይዞ ከላይ ይገባል፣ ቅስቱ ሲናድ አብሮ ይወርዳል፣ ከሰሉም ይከድነዋል። በዓለም ዙሪያ የከሰልና የእህል ቋቶች ሰው የሚገድሉት በዚሁ መንገድ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕጉ አንድ ይሁን፦ ከሰል ያለበት ቋት ውስጥ ማንም አይገባም። መጎርጎሪያ ቀዳዳዎች በጎኑ ይሠሩለት።

የክረምቱን ክምር በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ማንም ሳይነካው የሚቃጠለው እሱ ስለሆነ። ድንጋይ ከሰል አየር ሲነካው ቀስ እያለ ይሞቃል። ሙቀቱ የሚወጣበት ካለ ችግር የለም፣ ከታፈነ ግን ራሱን ያቀጣጥላል። ከሰሉ ወጣት በሆነ መጠን ባሕርይው ይብሳል፣ የእኛም አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። አደገኛው ቅርጽ ደግሞ ሁሉም ሰው ሳያስበው የሚሠራው ሾጣጣ ክምር ነው። ከላይ ሲፈስ ትላልቆቹ ጓሎች ተንከባለው እግሩ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ድቃቂው መሀል ይቀራል። አየር በጓሎቹ መካከል ከሥር ይገባል፣ ወደ ድቃቂው ሲደርስ ይዘገያል፣ እዚያው ወገቡ ላይ ይግላል። አምስት ሜትር ከፍታ ያለው እንዲህ ያለ ክምር 195 ቶን ገደማ ይይዛል፤ ብዙ አይመስልም፣ ለመቃጠል ግን ይበቃል።

የሁለት ሳምንት ከሰል፣ 1400 ቶን ማለት ነው፣ ማስቀመጥ ካለባችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ሥሩት። 25 በ35 ሜትር የሆነ፣ የተጠቀጠቀና ወደ ቦይ ያዘነበለ መሬት አዘጋጁ። ከሰሉን ከግማሽ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ እየዘረጋችሁ በሎደር ጎማ እየጠቀጠቃችሁ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ አድርሱት፣ ጎኖቹንም አስተኟቸው። አየር የማይገባበት ከሰል አይሞቅም። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። በየጥቂት ሜትሩ ጫፉ የተደፈነ የብረት ቧንቧ ትከሉና ቴርሞሜትር በክር እያወረዳችሁ በየቀኑ መዝግቡ። 40 ዲግሪ ላይ ያለው ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ያንን ወገን አስቀድማችሁ ሽጡት። 60 ከደረሰ የዚያኑ ዕለት በሎደር ቆፍራችሁ አውጡትና በቀጭኑ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ውሃ ከላይ ማርከፍከፍ ለዓይን ያረካል እንጂ እምብርቱ ጋ አይደርስም፤ የጋለ ከሰል መሀል የደረሰ ውሃ ደግሞ እንፋሎትና ተቀጣጣይ ጋዝ ሆኖ ሊፈነዳ ይችላል።

የእኛን አካባቢ በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በደረቁ ወራት የከረመ ክምር የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው ከሰሉ ውሃ ሲመጥ ራሱ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ የበልግ ወይም የክረምት የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል «ዘነበ፣ አሁን እንኳን አይቃጠልም» ብላችሁ አትዘናጉ። የቴርሞሜትሩ መዝገብ ይበልጥ የሚነበበው በእነዚያ ቀናት ነው።

ክምሩ የሚያርፍበት ቦታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በተራራማ መሬት ነፋሱ ቀን ከሸለቆው ወደ ላይ፣ ሌሊት ከላይ ወደ ሸለቆው ይነፍሳል። ክምሩን በቀጥታ ከዋሻው አፍ ሥር ካስቀመጣችሁት፣ በሞቀ ቀን ጭሱና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽቅብ ወጥቶ ንጹሕ አየር በሚስበው አፍ ወደ ሰዎቻችሁ ይገባል። ስለዚህ ክምሩ ከዋሻው መስመር ወደ ጎን ገሸሽ ይበል። በዚሁ ምክንያት ጀነሬተር፣ የነዳጅ በርሜል፣ የእንጨት ክምርና የብየዳ ሥራ አየር በሚገባበት በር አጠገብ አይሁኑ። ሜዳው ጠባብ ነው ስትሉ ገብቶኛል፤ እንዲያውም ጠባብነቱ ይጠቅማችኋል፣ ዋሻው አፍ ላይ ሰውና ፉርጎ ብቻ ይቅሩ። ጋራዡም መጋዘኑም ቢሮውም መንገዱ አጠገብ ታች ቢሆኑ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

«የዋሻው አፍ» ብላችሁ በነጠላ መጻፋችሁ ግን አሳስቦኛል። አፉ ሁለት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 1862 በሰሜን እንግሊዝ ሃርትሊ በሚባል የከሰል ማዕድን፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ግዙፍ የብረት ክንድ ተሰብሮ ማዕድኑ ባለው ብቸኛ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና ዘጋው። 204 ወንዶችና ልጆች ከታች ቀሩ። እንግሊዝ በዚያው ዓመት ሁለት መውጫ እንዲኖር በሕግ ደነገገች። ሁለተኛው አፍ ለማምለጫ ብቻ አይደለም፤ ቬንቲሌተሩን፣ ማለትም የአየር ማራገቢያውን፣ እዚያ ተክላችሁ የተበከለውን አየር በእሱ በኩል ስባችሁ ታወጣላችሁ። ሚቴን ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን የሚፈነዳ ጋዝ ነው፤ ተከማችቶ እዚያ እንዳይደርስ የሚጠብቃችሁ የማይቋረጥ የአየር ፍሰት ነው። በነገራችን ላይ ቬንቲሌተርም ሆነ ጀነሬተር ስትገዙ ከፍታውን ለሻጩ ንገሩት። 2000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ተርቦ የሌለው የዲዝል ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የቬንቲሌተሩም ግፊት እንዲሁ።

ከሰሉን ከውስጥ ስለማውጣት፦ ኮንቬየር ወይስ ፉርጎ በዊንች (ሞተር በሚጠቀልለው የሽቦ ገመድ) እየተሳበ? ቁጥሩ ይፍረድ። በ60 ሴንቲሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ትንሽ ፉርጎ 0.75 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 0.6 ቶን ገደማ ይይዛል። 100 ቶን ከሰልና አብሮት የሚወጣው 20 ቶን ድንጋይ 200 ፉርጎ ይሆናል። አምስት አምስቱን አያይዛችሁ ብትስቡ 40 ጉዞ ነው፤ በሁለት ፈረቃ 14 የሥራ ሰዓት ካገኛችሁ ለአንድ ጉዞ 21 ደቂቃ አላችሁ። ዋሻው 300 ሜትር ቢረዝምና ገመዱ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድ መውጣቱ አምስት ደቂቃ፣ መውረዱ አምስት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ለማያያዝና ለመገልበጥ ነው። ቁልቁለቱ 15 ዲግሪ ከሆነ አምስቱ የሞሉ ፉርጎዎች ገመዱን ወደ 1.3 ቶን ይስቡታል። ለዚህ 22 ኪሎዋት ሞተር ያለው ዊንች ከበቂ በላይ ነው።

ኮንቬየር እንኳን ባለ 800፣ ባለ 650 ሚሊሜትሩ ብቻ በሰዓት ከ100 ቶን በላይ ይጭናል። የቀን ምርታችሁን በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሌላውን ሰዓት ባዶውን ይሽከረከራል፣ ኤሌክትሪክ ግን ይበላል። ከ16 ወይም ከ18 ዲግሪ በላይ ለስላሳ ቀበቶ ላይ ከሰሉ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል፣ ሲርስ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። በተጨማሪ ማዕድን የሚወጣበት ብቻ አይደለም፣ የሚገባበትም ነው፤ የባሕር ዛፍ ድጋፍ፣ ሐዲድ፣ ቧንቧ፣ መሣሪያ ሁሉ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። ፉርጎው ባዶውን ሲመለስ ያንን ይዞ ይገባል። ኮንቬየር ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ያውቃል፤ እንጨቱን ለማስገባት ሌላ ሐዲድ ልትዘረጉ ነው ማለት ነው።

የፉርጎ አደጋው መሸሽ ነው። ማያያዣው ሲበጠስ አምስት ፉርጎ ቁልቁል ይከንፋል። ስለዚህ ከላይኛው ጫፍ በእጅ ካልተከፈተ የማያሳልፍ ማገጃ ይኑር፤ በየተወሰነ ርቀትም ሰው የሚጠጋበት ጎድጓዳ በግድግዳው ይቆፈር፤ ገመዱ ሲንቀሳቀስ ተዳፋቱ ላይ ማንም አይገኝ፤ ፉርጎ ላይ ማንም አይሳፈር። የሽቦ ገመዱ በየፈረቃው መጀመሪያ በዓይንና በእጅ ይታይ፣ የተበጠሱ ሽቦዎች ይቆጠሩና ይጻፉ።

ማጠቢያ አሁን አያስፈልጋችሁም። ሸክላ ያለበት ከሰል ውሃ ሲገባበት ሸክላው ይሟሟና መስመሩን በጭቃ ይሞላዋል። የረጠበውን ድቃቂ ማድረቅም ሌላ ፋብሪካ ነው። ጭቃ ውሃውን የሚይዝ ግድብ ደግሞ ከታች ጅረት ያለው ጠባብ ቦታ ላይ ልትሠሩ አትችሉም። ገልባጩ ላይ 10 በመቶ ትርፍ ውሃ ብትጭኑ ከአንድ ቶን በላይ ውሃ እስከ ኮምቦልቻ እያጓጓዛችሁ ነው፤ ገዢውም ያንን ውሃ ለማትነን ከሰላችሁን ያቃጥላል። በምትኩ ከወንፊቱ በላይ የቀረው ጓል በዝግታ የሚያልፍበት የለቀማ ጠረጴዛ ይሁን፤ በሁለቱ ወገን ሰዎች ቆመው ድንጋዩን በእጅ ያወጣሉ። ጥሩ ብርሃን፣ ጓንት፣ የአቧራ ጭንብልና ጣሪያ አትንፈጓቸው። በኋላ ገበያው ሲሰፋ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩና በከባድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚንሳፈፍ አስለኩ፤ የማጠቢያ ውሳኔ ከዚያ ውጤት በፊት አይወሰንም።

የለቀማው ጠረጴዛ ሌላም ሥራ አለው። በድማሚት ስታፈነዱ ሳይፈነዳ የቀረ ማቀጣጠያ ከከሰሉ ጋር ተቀላቅሎ ሊወጣ ይችላል። ማግኔት ብሎንና የዶማ ጫፍ ይይዛል፤ አልሙኒየም ወይም መዳብ የሆነውን ማቀጣጠያ ግን አይዝም። ያ ነገር የፋብሪካው ቦይለር ውስጥ ቢገባ ገዢ በማጣት ብቻ አትወጡትም። ስለዚህ ለቃሚዎቹ ማቀጣጠያና ሽቦው ምን እንደሚመስል በሥዕል ይማሩ፣ ሲያዩ ሳይነኩ መስመሩን እንዲያቆሙ ሥልጣን ይሰጣቸው። የፈረቃው አፈንጂም የተከለውንና የፈነዳውን ቆጥሮ ይፈርም።

እዚህ ላይ ስለ ጫኝና አውራጅ ልናገር፤ ይህ ጉዳይ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ቋት ተክላችሁ በመዝጊያ ስትጭኑ የአካባቢው ወጣቶች «ሥራችንን ወሰዳችሁ» ማለታቸው አይቀርም፣ እውነትም አላቸው። መልሱ የለቀማው ጠረጴዛ ነው። የአካፋ ሥራ ለሠራተኛው ጀርባ፣ ለእናንተም ለገዢውም ጠቃሚ አይደለም፤ ለቀማ ግን ለሰው እጅ የተተወ፣ የከሰሉን ዋጋ የሚጨምር ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ከቀበሌው ጋር ቁጭ ብላችሁ ስንት ሰው በፈረቃ እንደሚቀጠር ተስማሙ። ቋቱ ከቆመ በኋላ ከምትነጋገሩ ሳይቆም ብትነጋገሩ ይቀላችኋል።

የተለቀመው ድንጋይ የት ይጣላል? ጅረቱ ውስጥ እንዳትሉኝ። ጉዳዩ ከብክለትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 በዌልስ አበርፋን በምትባል መንደር ከተራራው ላይ የተከመረ የከሰል ማዕድን ተረፈ ድንጋይ በውሃ ርሶ ተንሸራተተና ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ፤ 144 ሰው ሞተ፣ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ የተሠራው ምንጭ ላይ ነበር። ደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ ለምታውቁ ሰዎች ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ቦታውን የምትመርጡት በበጋ ሳይሆን በነሐሴ ይሁን፤ በነሐሴ ምንጭ የማይወጣበትን ጀርባ ያዙ። ሽማግሌዎችን ጠይቁ፣ የት እንደሚያረጥብ ከካርታ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ድንጋዩን በንጣፍ እየጠቀጠቃችሁ ሥሩ፤ ከሰል ስለማያጣ እሱም ሊሞቅ ይችላል። ከበላዩ የዝናብ ውሃን ወደ ጎን የሚያዞር ቦይ ይቆፈር፤ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ደግሞ በማዝቀጫ ገንዳ አልፎ ብቻ ወደ ጅረቱ ይውረድ። ከታች ያለው ገበሬ ማሳውን በዚያ ውሃ ያጠጣል።

የቀሩትን በፍጥነት። ከዋሻው በር አጠገብ የመብራት ክፍልና የስም ሰሌዳ ይኑር፤ እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ቁጥሩን ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሳል፣ ውስጥ ማን እንዳለ በማንኛውም ደቂቃ ከሰሌዳው ይነበባል። ፈንጂና ማቀጣጠያ ለየብቻቸው፣ ሕጉ በሚያዘው ርቀት፣ ጠባቂ ባለበት ይቀመጡ። የመኪና ሚዛን ለመትከል ባትችሉ እንኳን የአንድ ሚዛን ቤት ወረቀት ብቻ የሚጸናበት ውል ከገዢው ጋር ያዙ፤ ሁለት ሚዛን ባለበት ሁልጊዜ ጠብ አለ። ናሙና ከክምር ቆዳ ላይ አይዘገንም፤ ከቋቱ ሲፈስ ከጅምሩ፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው እየተቀዳ በሁለት ከረጢት ይታሸጋል፣ አንዱ ከእናንተ ዘንድ ይቀራል። ገልባጩ ያለ ሸራ ከግቢ አይወጣም፤ የደሴን መሀል ከተማ ጥቁር አቧራ እየዘራ የሚያልፍ መኪና ሰው ያስቆጣባችኋል።

በገንዘብ ቅደም ተከተል ብትጠይቁኝ፦ መጀመሪያ የውሃ ቦዮቹና መንገዱ፣ ከዚያ ሁለተኛው አፍና ቬንቲሌተሩ፣ ከዚያ ዊንችና ፉርጎ፣ ወንፊት፣ ሁለቱ ቋቶች፣ የለቀማው ጠረጴዛ። ክምሩ የሚያርፍበት መሬት እስከ ሰኔ ይድረስ። አብሽሩ፣ ይህ ሁሉ ኮምቦልቻ ባሉ የብረታ ብረት ሠራተኞች ሊሠራ የሚችል ነው። ከውጭ የሚመጣው የቬንቲሌተሩ ሞተር፣ የሽቦ ገመዱና የጋዝ መለኪያው ይሆናል።

የነጋዴውን ኮንቬየር በተመለከተ፣ አጠር ያለ ቁራጭ ለለቀማው ጠረጴዛ ሊጠቅም ስለሚችል ሄዳችሁ እዩት። ሮለሮቹን አንድ በአንድ በእጅ አሽከርክሩ፣ የተያዘ ሮለር ቀበቶ ይፍቃል፣ ፍቀቱም እሳት ያስነሳል። ከዚያ ቀበቶው እሳት የሚቋቋም መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም በላዩ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 በእንግሊዝ ክሬስዌል በሚባል ማዕድን፣ አንድ ኮንቬየር ወደ ሌላው በሚያራግፍበት ቦታ የጎማ ቀበቶ ተቀዶ በመውረጃው ውስጥ ተወሸቀና በፍቀት ተቀጣጠለ፤ 80 ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ነጋዴው ማኅተሙን ማሳየት ካልቻለ ቀበቶው ከዋሻው ደጅ ወደ ውስጥ አይለፍ፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሱት።